ቢጫ ካርድ፣ ቆሎና የንዱቱ ሜዳ፦ ከእናቴ ጋር የአሥር ቀን ማስታወሻ

ከመነሣታችን በፊት

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷ ከደረጃ ጋር አይስማማም፤ እግሯም ሁለት ሰዓት ያህል ከተቀመጠች እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ይህችው እናቴ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ «አንበሳ ሳላይ ልሞት ነው» አለችኝ። ልጆች ሳለን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ትወስደን እንደነበር ባስታውሳት፣ «እሱማ እስረኛ ነው፤ እኔ የምልህ ቤቱ ያለውን ነው» ብላ አፌን አስያዘችኝ። አረንጓዴው ሳይበራ ጉዞው ተቆረጠ።

ቦታውን መምረጥ አልከበደኝም። የምንሄደው በየካቲት ስለሆነ፣ በሰሜን ታንዛኒያ ሴሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ በሚዋሰኑበት ንዱቱ በተባለው ሜዳ ላይ ዊልደቢስት የሚባለው ሣር በል የዱር እንስሳ በመንጋ የሚወልድበት ወቅት ነው። የከበደኝ መንገዱ ነው። ከዋሽንግተን እዚያ እስካለው የኪሊማንጃሮ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ያለ ማረፊያ የሚወስድ በረራ የለም። በአምስተርዳም በኩል ስምንት ስምንት ሰዓት ገደማ የሚፈጁ ሁለት በረራዎች አሉ። በአዲስ አበባ በኩል ደግሞ መጀመሪያ 13 ሰዓት ገደማ፣ ቀጥሎ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ የአምስተርዳሙ ለእግር የሚራራ ይመስላል፤ አዲስ አበባ ዘመድ ለሌለው ሰው እኔም እሱን እመክራለሁ። እኛን ግን አዲስ አበባ ላይ የአክስቴ ቤትና የተነጠፈ አልጋ ይጠብቁናል።

የቢዝነስ ክፍሉን ዋጋ አየሁና ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ተመልሼ ሒሳብ ሠራሁ። ለሁለት ሰው በሚጨመረው ገንዘብ እዚያው ታንዛኒያ ውስጥ አሩሻ ከተማ ላይ አንድ ሌሊት፣ ካራቱ ከተማ ላይ አንድ ሌሊት እንዲሁ ለማረፍ ብቻ ማደር ይቻላል፤ ተርፎ ለጥሩ መኪናና ለጥሩ አስጎብኚ ይበቃል። የሚዘረጋው ወንበር የሚያሳርፈው ለ13 ሰዓት ነው። እናቴን እንደማውቃት የሚጥላት በረራው አይደለም፤ በበረራ ላይ በረራ፣ በዚያም ላይ የመኪና መንገድ ሲደረብባት ነው። ስለዚህ ገንዘቡን አልጋ ላይ አዋልኩት።

ቀጥሎ የወረቀት ጣጣ መጣ። «ቢጫ ካርድሽ የት ነው?» ብላት ከመሳቢያዋ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዋን አውጥታ ሰጠችኝ። በዲያስፖራው አፍ እሱም ቢጫ ካርድ ነው። እኔ የፈለግሁት የቢጫ ወባ ክትባት ካርዷን ነበር። ታንዛኒያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለበት አገር የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ የክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፤ በዚያ አገር ለመሸጋገሪያ ብቻ አርፎ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየውንም አትምርም። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ ስላለች ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ ማደር ማለት ካርዱን መያዝ ማለት ነው። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተበው ግን ጠንከር ያለ የጎንዮሽ ጉዳት ሊገጥመው ስለሚችል ሐኪሞች ያመነታሉ። የእኛም ሐኪም አመነታ።

ዕቅዴ በአንድ መርፌ ምክንያት ሊፈርስ ሲል እናቴ መዝሙረ ዳዊቷን አንሥታ ገጾቹን ማገላበጥ ጀመረች። የጸሎት መጀመሯ መስሎኝ ዝም አልኩ። ከመካከሉ የታጠፈች፣ ጠርዟ የተበላ ካርድ መዘዘች። ከ20 ዓመት በፊት ናይሮቢ የምትኖር እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ተከትባ ኖሯል። ድሮ ካርዱ ለ10 ዓመት ብቻ ነበር የሚያገለግለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን የቀደሙትም ጭምር ዕድሜ ልክ እንዲያገለግሉ ተደርጓል። «አየህ፣ ዳዊት ይጠብቃል» አለችኝ። ለተከተብኩት ለእኔ ክንዴ ሁለት ቀን አመመኝ።

አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። የታንዛኒያውን ክፍል ያዘጋጀልን የጉዞ ወኪል የመልሱን ቀን እንዲህ ደርድሮት ነበር፦ ከንዱቱ የሚነሣው ትንሽ አውሮፕላን አሩሻ 9 ሰዓት ያርፋል፤ ወደ አዲስ አበባ የምንሄድበት በረራ 11 ሰዓት ይነሣል። ሁለት ሰዓት ስላለ ነገሩ ሰላም ይመስላል። ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ካርታውን ስጎረጉር ነው የገባኝ፤ ትንሹ የሚያርፈው አሩሻ ከተማ ዳር ባለው ማረፊያ ነው፣ ትልቁ የሚነሣው ደግሞ ወደ ሞሺ አቅጣጫ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከኪሊማንጃሮ ነው። ወኪሉ ስነግረው አልተደናገጠም፤ «ብዙ ጊዜ ይደርሳሉ» አለኝ። ብዙ ጊዜ! የትንሹን አውሮፕላን ትኬት በጠዋቱ በረራ አስቀየርኩት።

የመጀመሪያ ቀን፦ ደለስ

በረራው ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ምሽት 1 ሰዓት ሆኗል። ስለዚህ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ በየማታው በአንድ ሰዓት ቀደም እያልን ስንተኛ ሰነበትን፤ ዛሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሣን። ሐሳቡ ምሳ ከተበላ በኋላ አውሮፕላኑ ውስጥ እንቅልፍ እንዲወስደን ነው።

ተሽከርካሪ ወንበር ቀደም ብዬ አስመዝግቤላት ነበር። እናቴ ስታየው ፊቷን አጠቆረች። «ሰው ምን ይለኛል? ሽባ ሆና ሄደች ይበሉኝ?» የሚገፋት ወጣት የአገራችን ልጅ ሆኖ ተገኘ። «እማማ፣ እኔም እኮ ሥራ እንዳላጣ ነው» ሲላት ለእሱ ስትል ተቀመጠች። ፍተሻው ጋ ያን ሁሉ ሰልፍ አልፋ ስትገባ ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔ ከኋላ ጫማዬን አስተካክላለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበሩ ክፉ ቃል አልወጣትም።

አውሮፕላኑ ቦይንግ 787 ነው፤ ወንበሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት መተላለፊያ ይከፈላሉ። ለእሷ በግራ በኩል ካሉት ሦስቱ መተላለፊያው ዳር ያለውን መረጥኩ፤ ምክንያቱም የሚያማት ቀኝ ጉልበቷ ነው፣ እዚያ ስትቀመጥ በቀኟ በኩል ባዶ ስለሚሆን እግሯን አልፎ አልፎ መዘርጋት ትችላለች። እኔ መተላለፊያውን ተሻግሬ ከጎኗ ሆንኩ። ከፊት ግድግዳ ያለበትን ረድፍ ሰው ሁሉ ይሻማበታል፤ እኔ አልወደውም። የክንድ መደገፊያው ወደ ላይ አይነሣም፣ የእጅ ቦርሳም ከእግር ሥር ማስቀመጥ አይፈቀድም፤ እናቴ ደግሞ ዳዊቷ፣ መነጽሯና ቆሎዋ ከእጇ ከራቁ አውሮፕላኑን ታስቆማለች።

ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበት ምግብ ትኬቱን ስቆርጥ ስላዘዝኩ ከሁሉም ቀድሞ መጣላት። ሥጋ የሚጠብቁት ጎረቤቶቿ በዓይናቸው ሲከተሉት አየሁ።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ በረራ ላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን ስለሚጨምር፣ ቁርጭምጭሚትን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ለሁለታችንም ገዝቼ ነበር። የእሷን ጠዋት ቤት ውስጥ፣ እግሯ ሳያብጥ፣ ተንበርክኬ አጠለቅሁላት። የእኔን ለበኋላ ብዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፤ ሻንጣው ከአውሮፕላኑ ሆድ ገባ። በየሰዓት ተኩሉ ተነሥታ እንድትራመድ ብነግራት ተነሥታ ሄደች፣ አልተመለሰችም። ከኋላ ምግብ ማዘጋጃው ጋ ከአስተናጋጆቹና ከሁለት ሴቶች ጋር ቆማ የአንዷን አያት አገር ታጣራለች። እኔ ፊልም ላይ አፍጥጬ ተጎልቼ ቀረሁ።

ሁለተኛ ቀን፦ ቦሌ

ወደ ቦሌ ስንቃረብ አንድ የምወደው ነገር ሆነ። እናቴ ከሐበሻ ሱቅ የገዛችው የታሸገ ቆሎ ከወንበሩ ኪስ ወጥቶ ትሪው ላይ ተቀምጧል። ከረጢቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ልሙጥ ነበር፤ ሰማይ ላይ ተነፋ። ሌላ አገር ሲታረፍ እንዲህ የተነፋ ነገር መልሶ ይሟሽሻል። ይኸኛው ግን አውሮፕላኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ይበልጥ እየተወጠረ ሄዶ እንደ ከበሮ ሆነ። «ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ በጣቷ መታ መታ እያደረገች።

787 ውስጥ የሚኖረው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። ቦሌ ያለው 2,334 ሜትር ላይ ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ እኛ አየሩ ወደሚሳሳበት፣ ማለትም ወደ ላይ፣ እየወጣን ነው። የድሮዎቹ አውሮፕላኖች ውስጥ ደግሞ ግፊቱ እስከ 2,400 ሜትር ድረስ ስለሚሳሳ፣ አዲስ አበቤ እነሱ ላይ ሲሳፈር ሳሎኑ ተቀምጦ እንደማለት ነው። ይህን ሁሉ ሳስረዳት ቆይቼ ስጨርስ፣ «ታዲያ አገሬ ከሰማይ በላይ ናት በለኛ» አለች።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት አረፍን። ስንነሣ እግሬ ጫማዬ ውስጥ አልገባ አለኝ፤ ማሰሪያውን ፈትቼ እንደ ሸበጥ እየጎተትኩ ወረድኩ። እናቴ ካልሲዋን እያየች ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ከንግግር ይከፋል።

ደንቡን ለሁለታችንም አስቀድሜ አውጥቼ ነበር፦ እስከ ማታ 3 ሰዓት እንቅልፍ የለም፤ ፀሐይ ላይ መቀመጥ፣ ውኃ መጠጣት። አክስቴ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበርና እናቴ ከአቦል እስከ በረካ ስትጫወት ዋለች፤ ዓይኗ አልከደነም። ደንብ አውጪው እኔ 8 ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ፣ ኮቴን እንደለበስኩ፣ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ተገኘሁ። ፎቶ አንሥተውኛል።

ሦስተኛ ቀን፦ የፌስታል ፍተሻ

ከንዱቱ የምንመለስበት ትንሽ አውሮፕላን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ብቻ ይፈቅዳል፤ የእጅ ቦርሳም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ሻንጣው ደግሞ ጠንካራ ሳጥን ሳይሆን ተጣጥፎ የሚገባ የጨርቅ ቦርሳ መሆን አለበት። ትልልቆቹን አክስቴ ቤት ትተን ሁለት የጨርቅ ቦርሳ አዘጋጀን፤ የሰፈሩ ባለሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠን የእሷን 14 ኪሎ ከግማሽ፣ የእኔን 12 አገኘን።

ችግሩ ፌስታል ነው። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2019 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መግባትን ከልክላለች። የእናቴን ቦርሳ ስፈትሽ ፌስታል ውስጥ ፌስታል፣ እሱ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ሎሚ አገኘሁ። «ያስፈልጋል ብዬ ነው» አለች። 11 ቆጠርኩ። አክስቴ ከአሮጌ ነጠላ ከረጢት ሰፋችላት፤ ቆሎውም ተፈትቶ እዚያ ውስጥ ተገለበጠ።

አራተኛ ቀን፦ አሩሻ

ወደ ኪሊማንጃሮ የሚሄደው አነስ ያለ 737 ነው። ጉዞው እንቅልፍ ለመያዝም ለመሰልቸትም አይበቃም። ልንወርድ ስንል በግራ በኩል ከደመናው በላይ የተራራው ነጭ አናት ብቻውን ታየ፤ 5,895 ሜትር። ሰው ሁሉ ወደ አንድ መስኮት ሲንጋጋ እናቴ ከወንበሯ ሳትነሣ አማተበች።

በዚያ ቀን ምንም ጉብኝት አልያዝንም፤ አስጎብኚያችንም ገርሞት ነበር። አብዛኛው ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ መኪና ላይ ወጥቶ ሦስትና አራት ሰዓት ይነዳል፣ ማግሥቱን ደግሞ መኪና ውስጥ ሲያንቀላፋ ዝሆን ያልፈዋል። እኛ የቡና ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ ሻይ ጠጣን።

አስጎብኚው አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። እናቴን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ «ሺካሞ» አላት። በስዋሂሊ ለታላቅ ብቻ የሚሰጥ ሰላምታ ነው፤ መልሱ «ማራሃባ» ነው ብሎ አስተማራት። ለሽማግሌ የተለየ ሰላምታ ያለው አገር መሆኑን ስታውቅ አሩሻን ወዲያው ወደደቻት።

ከዚያ የነገውን ሰዓት በእንግሊዝኛ ነገረኝ፣ ወደ ሆቴሉ ሠራተኛ ዞሮም በስዋሂሊ «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» አለው። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው ቃል በቃል «12 ሰዓት» ማለት መሆኑን ነገረኝ። ፈረንጆቹ ጠዋት 6 የሚሉት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪው ቀኑን እንደ እኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው፤ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት በኋላ ያለው «ሳ ሞጃ»፣ 1 ሰዓት ነው። ስተረጉምላት እናቴ ከወንበሯ ቀና አለች። እኔ ከ20 ዓመት በላይ አሜሪካ ስኖር ሰዓት በተጠየቅሁ ቁጥር ስድስት ስደምርና ስቀንስ ኖሬአለሁ፤ እሷ ግን የእጅ ሰዓቷን ከአዲስ አበባ ነክታው አታውቅም፣ ሜሪላንድ ውስጥም ቢሆን። ታንዛኒያና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም። እጇን ዘርግታ ሰዓቷን ለአስጎብኚው አሳየችው፤ አየና «ሳዋ» አላት፣ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ የጉዞው ሰዓት ሁሉ ለእሷ ብቻ ይነገር ጀመር።

አምስተኛና ስድስተኛ ቀን፦ ንጎሮንጎሮ

እስከ ካራቱ ያለው መንገድ አስፋልት ነው፤ እዚያ አደርን፣ ሌላ የሚጻፍ የለም። ራት ላይ ባቄላ መሳይ ማሃራጌ፣ ቆስጣ መሳይ ምቺቻና ኡጋሊ ቀረበ። እናቴ ኡጋሊውን ቀምሳ «ገንፎ ነው፤ ሠሪው ግን ተጣልቶ ነው የሠራው» ብላ ወጡን አመሰገነች። ለጾመኛ ታንዛኒያ አትቸግርም።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣን። አፋፉ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱ የእንጦጦ ብርድ ነው፣ ጉሙም እንደዚያው። ታች 600 ሜትር ያህል ጠልቆ፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ አለ። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የእሳተ ገሞራ ተራራ ወደ ውስጥ ተደርምሶ የቀረ ጉድጓድ ነው። ጉሙ ሲገለጥ እናቴ «ዝቋላ!» አለች። በወጣትነቷ በእግሯ ሁለት ጊዜ ወጥታዋለች፤ እሱም የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፣ አናቱ ላይ ሐይቅ ተኝቶበት። ስንወርድ ከከንፈሯ ሥር አቡዬን ትጠራለች። ሥዕላቸው ላይ ስድሳ አንበሳና ስድሳ ነብር አጅቧቸው የሚታዩት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ እኮ የዝቋላው ናቸው።

ጎሽ አየን፣ ጉማሬ አየን፣ አንድ አውራሪስ በሩቁ እንደ ድንጋይ ቆሞ አየን። ቀጭኔ እዚያ የለም፤ ገደሉ አያወርደውም።

አንበሳው የመጣው 5 ሰዓት ላይ ነው። ወንድ ነው፣ ጎፈሩ ጫፉ ላይ የጠቆረ። ሜዳው ላይ ዛፍ የለም፤ የቆመ ጥላ ቢኖር የእኛ መኪና ብቻ ነው። ቀስ ብሎ መጣና እናቴ በተቀመጠችበት በኩል፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ እንደ ከረጢት ዘፍ ብሎ ተኛ። አስጎብኚው ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። መስኮቱን በዝግታ ዘጋን። አፍንጫው ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፤ ዝንቦች ዓይኑ ጥግ ተሰልፈዋል፤ ሲተነፍስ ጎኑ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አልፎ አልፎም የጎማው ብረት ላይ አቧራ ያስነሣል። አርባ ደቂቃ ሞተር ሳናስነሣ ቆየን። እናቴ አንገቷን ሰብራ ቁልቁል ታየዋለች።

«ቤቱ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚተኛው» አለች በሹክሹክታ።

ሰባተኛና ስምንተኛ ቀን፦ ንዱቱ

ከአፋፉ ወደ ንዱቱ የሚወስደው መንገድ ጠጠርና አቧራ ነው፤ አስጎብኚዎቹ «የአፍሪካ ማሳጅ» ይሉታል፤ ቀልዱን ለሁሉም እንደሚነግሩት ያስታውቃል። ለእናቴ ጉልበት ፊት ወንበር ላይ ትራስ አድርገን፣ በየሰዓቱ እየቆምን ሄድን። አንድ ምክር አለኝ፦ ጠቆር ያለ ሰማያዊና ጥቁር ልብስ አይልበሱ። የገንዲ ዝንብ ይወደዋል። እናቴ ሰማያዊ ሹራቧን አላወልቅም ብላ ግራር ውስጥ ስናልፍ ሁለት ጊዜ ተነከሰች፤ ከዚያ ሹራቡ ቦርሳ ገባ።

ሜዳው ላይ ስንወጣ መጨረሻ የለውም። ከሚሊዮን የሚበልጡት እነዚህ እንስሳት በየዓመቱ ተመልሰው እዚህ የሚወልዱት ሣሩ አጭር ስለሆነ አዳኝ ከሩቅ ይታያል፣ አፈሩም ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ስለሆነ ለምታጠባ እናት የሚሆን ማዕድን አለው። መንጋው ከቅርብ ሲታይ መልኩ አያምርም፤ የበሬ ቀንድ፣ የፈረስ ጭራ፣ የፍየል ጺም። እናቴ «እግዜር በቅዳሜ የሠራቸው ናቸው፣ የተረፈውን ሰብስቦ» ብላ አስጎብኚውን አሳቀችው።

በማግሥቱ ጠዋት አንዷ ከመንጋው ፈንጠር ብላ ቆመች። ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ጎኗን ዞራ ታያለች። እናቴ ከእኛ ቀድማ አወቀች። ሁለት ቀጫጭን እግሮች ከኋላዋ ብቅ ብለው ነበር። እናቴ የመኪናውን እጀታ ጨብጣ፣ ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፤ ለሰው ምጥ እንደሚባለው። ጥጃው እርጥብ ሆኖ መሬት ላይ ወደቀ። እናቱ ዞራ ላሰችው። ሊነሣ ሞከረና በአፍንጫው ተደፋ። ሁለተኛ ሞከረ፣ የኋላ እግሮቹ ቆሙ፣ የፊቶቹ ከዱት። በአምስተኛው አራቱም ቆሙለት፤ እየተንቀጠቀጠ አንድ እርምጃ ሄደ። እናቴ ሰዓቷን አየች። «ስምንት ደቂቃ» አለች፣ «አንተ ዓመት ከሁለት ወር ነው የፈጀህብኝ።»

ዘጠነኛ ቀን፦ ሁለት ማረፊያ፣ አንድ ሌሊት

የንዱቱ ማረፊያ የተደለደለ አፈር ነው። አውሮፕላኑ ሳይወርድ በፊት አንድ መኪና ሄዶ የሜዳ አህዮቹን ከመንደርደሪያው አባረረ። እናቴ አውሮፕላኗ ባለ አንድ ሞተር መሆኗን ቆጥራ፣ «መለዋወጫ የላትም?» አለች። አብራሪዋ ሴት መሆኗን ስታይ ግን ምን እንደሆነ እንጃ ልቧ ረጋ፤ አንድ ሰዓት ያህል በመስኮቱ ቁልቁል ስታይ ቆየች። አሩሻ ስናርፍ ገና ረፋድ ነው። ምሳ በላን፣ እናቴ ገላዋን ታጥባ አንድ ሰዓት ተኛች፣ 50ውን ኪሎ ሜትር ስንሄድ ከባድ መኪኖች መንገዱን ዘግተውት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በወኪሉ ዕቅድ ቢሆን ኖሮ አሁን ከመኪና ወርደን በሩጫ ነበርን፤ ያውም በእሷ ጉልበት።

ቦሌ ላይ አክስቴ ትልልቆቹን ሻንጣዎች ይዛ ጠበቀችን። በማታ ተነሣን። ይኸኛው በረራ ከመምጫው ይረዝማል፤ መሀል ላይ አርፎ ነዳጅም ይቀዳል፣ ተሳፋሪውም በየዓመቱ ያጉረመርማል። ምክንያቱ ያው የቆሎው ጉዳይ ነው። በ2,334 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት ያንሳቸዋል፤ ሰውና ጭነት ሞልቶ ለዋሽንግተን የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሣት ያስቸግራል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ከፊት ነው። በዚህኛው ካልሲዬን አድርጌያለሁ። እናቴ መሆኑን አረጋግጣለች፤ የሱሪዬን ጫፍ ገልጣ።

አሥረኛ ቀን፦ ቤት

ጠዋት ደረስን። እናቴ ሳትተኛ ሻንጣ መፍታት ጀመረች። አክስቴ በትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ጠቅጥቃ የላከችው በርበሬ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨራምቶ፣ ክዳኑ ሰርጉዶ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ የተከደነ አየር ነውና እዚህ ታች ያለው ከባዱ አየር ተጭኖታል። እናቴ ሞከረች፣ አልከፈት አላት። እኔም ሞከርኩ። በጨርቅ ይዘን ታገልን፣ ሙቅ ውኃ አፈሰስንበት። በመጨረሻ የቢላ ጫፍ ክዳኑ ሥር አስገባች። ፉት ብሎ ሳበ፤ ጎኖቹ ቷ ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፣ ወጥ ቤቱም በርበሬ በርበሬ ሸተተ። አነጠሰች። የእጅ ሰዓቷ 10 ሰዓት ይላል።